የጦር ታንክን አሳንሶ መሥራት፦ የልክና የፍርድ ጥያቄ

የጦር ተሽከርካሪ ሞዴል በጦርነት የዋለን ታንክ ወይም ሌላ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ በታወቀ ምጣኔ አሳንሶ የሚያሳይ፣ በእጅ የሚገጣጠም ሥራ ነው። ኪት ተብሎ በሣጥን የሚሸጠው ዕቃ በቀጫጭን ዘንጎች የተያያዙ ብዙ የፕላስቲክ ቁርጥራጮችን፣ የአገጣጠም መመሪያንና የጦር ክፍሉን ምልክት የያዙ ተለጣፊዎችን ይዟል። ሠሪው ቁርጥራጮቹን ከዘንጋቸው ይለያል፤ ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፤ ትንንሾቹን በወረንጦ እየያዘ በማጣበቂያ ይገጥማል፤ ከዚያም ቀለም ይቀባል። ጥሩ ሠሪ ግን ታንኩ አዲስ በመሰለበት ሰዓት ሥራውን አያቆምም። ጭቃው፣ አቧራው፣ ዝገቱና የጥይት ጭረቱ ሁሉ በቀለም ተመስሎ ይጨመርበታል።

ለጦር ተሽከርካሪዎች በብዛት የሚሠራበት ምጣኔ 1 ለ 35 ነው። የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጀርመኑን ፓንተር ታንክ በሞተር የሚንቀሳቀስ ሞዴል አድርጎ ሲያዘጋጅ መጠኑን የወሰነው ባትሪዎቹ ከውስጡ እንዲገቡ አስቦ ነበር። ኋላ ሲሰላ ከእውነተኛው ታንክ 35ኛ እጅ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ሌሎች አምራቾችም ይህንኑ ልክ ተከተሉ። ዛሬ ሠሪዎች በሚሊሜትር የሚከራከሩበት ምጣኔ የተወለደው ከባትሪ መጠን ነው።

ይህ ሥራ ከመዝናኛነቱ ባሻገር የቆየ የሃይማኖትና የፍልስፍና ጥያቄ ያስነሳል። ሰው ለመግደል የተሠራን መሣሪያ በትዕግሥትና በፍቅር አሳንሶ መሥራት ምን ዓይነት ተግባር ነው? ጥያቄው በሦስት ይከፈላል። አንደኛው እንዲህ ያለ ምስል መሥራት የተፈቀደ ነው ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው አስፈሪ ነገር ሲመሰል በማየትና በመሥራት መደሰት ነውር ነው ወይ ይላል። ሦስተኛውና ከባዱ፣ ልኩን የጠበቀ ምስል ስለ ጦርነቱ እውነቱን ይናገራል ወይ የሚለው ነው።

ጀርመንታውንና የሩቅ ጦርነት

ጥያቄዎቹን ከአንድ ከተማ ተነሥቶ ማየት ይቻላል። ጀርመንታውን በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ከዋሽንግተን በስተሰሜን ምዕራብ ትገኛለች። እንደ ሲልቨር ስፕሪንግና እንደ አሌክሳንድሪያ ሁሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሰፈሩበት የዋሽንግተን ዙሪያ ውስጥ ናት። ጦርነትን በልክ ማሰብ ለዚህች ከተማ እንግዳ አይደለም። የአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደዚህ ያዛወረው ዋሽንግተን በኒውክሌር ቦምብ ብትመታ ሕንፃው ይተርፋል ተብሎ በታሰበ ርቀት ላይ ስለነበረች ነው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሕንፃውን የመረቁት እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን ዛሬ የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ይገለገልበታል። ያን ጊዜ ቦታውን የመረጡት ሰዎች ጥፋትን በማይል ለኩት። በልኬታቸው ውስጥ ግን በዋሽንግተን የሚቀረው ሕዝብ ዕጣ አልተካተተም። ልክ ትክክል ሆኖ ሳለ ዋናውን ነገር ሊዘል እንደሚችል ይህ ታሪክ ያሳያል።

በዚሁ አካባቢ ለሞዴል ሠሪ ዋና መመሳከሪያ የሚሆነው፣ ከአሌክሳንድሪያ በስተደቡብ በፎርት ቤልቮር እ.ኤ.አ. በ2020 የተከፈተው የአሜሪካ ምድር ጦር ብሔራዊ ሙዚየም ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1944 የተከበበችውን የቤልጅየም ከተማ ባስቶኝን ሰብሮ በመግባት ቀዳሚ የነበረው ኮብራ ኪንግ የተባለው የሸርማን ታንክ እዚያ ቆሟል። ይህ ታንክ የራሱ ስም አለው፤ አዛዡ ይታወቃል፤ የገባበት ቀንም ተመዝግቧል። የሞዴል ገበያውም በአመዛኙ የሚከተለው ይህንኑ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ነው፦ ሸርማን፣ ታይገር፣ ፓንተር፣ ቲ-34።

በዚያ ለሚያድግ የኢትዮጵያውያን ልጅ ግን ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ወደ አያት ቅድመ አያቱ አገር የገባው ከባስቶኝ ዘጠኝ ዓመት አስቀድሞ ነው። ያም ተሽከርካሪ በኪት ይሸጣል።

ኤል-3 እና ደምበጊና

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትወር በብዛት ያሰለፈችው ታንክ ፊያትና አንሳልዶ የሠሩት፣ በኋላ ኤል-3 የተባለው ትንሽ ታንክ ነው። ንድፉ የመጣው ከእንግሊዙ ካርደን ሎይድ ነበር። ክብደቱ ከ3 ቶን ጥቂት ይበልጣል፤ ርዝመቱ 3.17 ሜትር፣ ከፍታው 1.3 ሜትር ያህል ነው። ውስጡ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣል። የብረቱ ውፍረት ከ14 ሚሊሜትር አይበልጥም። የሚዞር ማማ የለውም፤ መትረየሱ ከፊት የተተከለ ስለሆነ ወደ ጎንና ወደ ኋላ መተኮስ አይችልም።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የጎጃሙ ገዥ የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ተከዜን ተሻግሮ በሽሬ በኩል በደምበጊና ማለፊያ የጣሊያንን ኃይል ገጠመ። ከበባውን ሰብረው ለመውጣት የሞከሩት ትንንሽ ታንኮች በገደልና በድንጋይ መካከል ተያዙ። የኢትዮጵያ ተዋጊዎች የመትረየሱን አቅጣጫ እየሸሹ ከጎንና ከኋላ ቀረቧቸው፤ አንዳንዶቹን ገለበጡ፤ ከውስጥ ያሉትንም ገደሉ። ጣሊያኖች ብዙ ታንክ አጥተው አፈገፈጉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን የራስ እምሩ ጦር በተከዜ ዙሪያ ከአውሮፕላን በተጣለ የሰናፍጭ ጋዝ ተመታ። ታንኩ ያልቻለውን መርዙ ፈጸመው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ለመንግሥታት ማኅበር ሲናገሩ ከሁሉ አስበልጠው የከሰሱት ይህንኑ መርዝ ነበር።

ብሮንኮ የተባለው አምራች ኤል-3ን በ1 ለ 35 ምጣኔ በኪት ያቀርበዋል። ተገጥሞ ሲያልቅ ርዝመቱ 9 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ከፍታው ከ4 ሳንቲ ሜትር በታች ነው። በዚሁ ምጣኔ አንድ ሜትር ከ70 የሚሆን ሰው 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚደርስ ቆሞ ከታንኩ ይበልጣል። በደምበጊና ተዋጊው በታንኩ ላይ እንዴት እንደ ወጣበት ከብዙ ትረካ ይልቅ ይህ ንጽጽር በግልጽ ያስረዳል። ሞዴል ዕውቀት ይሰጣል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

የምስል ጥያቄ

የመጀመሪያው ጥያቄ የምስል ጉዳይ ነው። በኦሪት ዘጸአት 20 ከተሰጡት ትእዛዛት አንዱ የተቀረጸ ምስል ሠርቶ መስገድን ይከለክላል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህን ትእዛዝ ጠብቃ ቅዱሳንን የምታከብረው በሥዕል እንጂ በሐውልት አይደለም። ሥዕል ራሱ ያለ ክርክር አልጸናም። በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ የእመቤታችንን ሥዕል ማክበርን ሲያስፋፉ፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት የአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት ለሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ብለው ብዙ መከራ ተቀበሉ። ክርክሩ ከእጅ ሥራው ይልቅ በፊቱ ስለሚደረገው ስግደት ነበር።

በእስልምናም ዘንድ ነፍስ ያለውን ፍጡር መሳል በብዙ ሊቃውንት የተነቀፈ ሲሆን፣ ከኢብን አባስ በተላለፈው ትምህርት መሠረት ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር መሳል ይፈቀዳል። የልጆች አሻንጉሊትንም ብዙዎቹ ለይተው ያዩታል። በዚህ መለኪያ ታንኩ ነፍስ አልባ ስለሆነ አያከራክርም፤ ክርክር የሚያስነሳው በላዩ የሚቀመጠው የወታደሩ ምስል ነው።

ለዚህ ጥያቄ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ የነሐሱ እባብ ነው። በኦሪት ዘኍልቍ 21 እንደ ተጻፈው፣ ሕዝቡ በእባብ እየተነደፈ ሲያልቅ ሙሴ የገዳዩን ምስል ከነሐስ ሠርቶ እንዲሰቅል ታዘዘ፤ ያየውም ዳነ። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ሕዝቡ ለዚያው ምስል ዕጣን ያጥን ጀመር፤ ንጉሥ ሕዝቅያስም ሰባበረው። የተለወጠው የሰው አቋም እንጂ ነሐሱ አልነበረም። የሚገድል ነገር ምስል መሥራት በራሱ ኃጢአት እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ታሪክ ይታወቃል፤ ኃጢአት ሊሆን እንደሚችልም ሁለተኛው ያስረዳል። በሞዴል ሠሪ ዘንድ ዕጣን ማጠን የሚሆነው መሣሪያውን ስለ ኃይሉ ብቻ ማድነቅ፣ የጨቋኙን ዓርማ እንደ ጌጥ መመልከት ነው። የጀርመን ሕግ የናዚን ምልክቶች በአደባባይ ማሳየትን ስለሚከለክል በዚያ አገር የሚሸጡ ብዙ ኪቶች ስዋስቲካውን አይዙም። ሕጉ ይህን አደጋ አስቀድሞ አይቷል።

የደስታ ጥያቄ

ሁለተኛው ጥያቄ ደስታን ይመለከታል። አሪስጣጣሊስ ስለ ግጥም በጻፈው መጽሐፍ፣ ሰው በገሃዱ ሊያየው የሚጠላውን ነገር፣ ሬሳን እንኳ፣ በትክክል ተመስሎ ሲያይ እንደሚደሰት ጠቅሶ ምክንያቱ መማር ለሰው ሁሉ ደስ የሚያሰኝ መሆኑ ነው ይላል። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ክሎድ ሌቪ ስትሮስ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ ሌላ ምክንያት ይጨምራል። ትልቅ ነገርን የምናውቀው ከክፍሎቹ ተነሥተን ነው፤ አንሶ የተሠራውን ግን ሙሉውን በአንድ ዓይን እናየዋለን፤ ስለዚህም የገዛነው ይመስለናል። ታንክ ከፊቱ ያለውን ሰው ለማስፈራት ተሠርቶ ሳለ በጠረጴዛ ላይ ሲያንስ ፍርሃቱ ይሰበራል። ለወራሪው ሳይሆን ለተወረረው ልጅ ይህ መሰበር ትርጉም አለው።

ይሁንና ያው መግዛት አደጋም አለበት። አውግስጢኖስ የማኒ ተከታይ ከሆነው ከፋውስጦስ ጋር ሲከራከር በጦርነት ውስጥ የሚወቀሰው ክፋት ሟች ሰው መሞቱ ብቻ አይደለም ይላል፤ ግፍን መውደድ፣ የበቀል ጭካኔና የመግዛት ምኞት ናቸው። በዚህ መለኪያ ማንንም ያልገደለ ሰው በምኞቱ ሊወቀስ ይችላል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 ትንንሽ ጦርነቶች በሚል ርዕስ ስለ አሻንጉሊት ወታደሮች ጨዋታ ሲጽፍ፣ በአሻንጉሊት መዋጋት ሰውን እውነተኛውን ጦርነት እንደሚያስጠላው ተስፋ አድርጎ ነበር። በዓመቱ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ጨዋታው ጦርነቱን አላመጣም፤ አላስቀረምም። ሞዴል ሰውን ጨካኝም ሆነ ሰላማዊ አያደርግም፤ ሠሪው ያለውን ምኞት ግን ይገልጣል።

ጋፋት፦ የመሣሪያና የምስሉ ልዩነት

መሣሪያን መሥራትና የመሣሪያን ምስል መሥራት እንደሚለያዩ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ጥሩ ማስረጃ አለ። በስዊዘርላንድ ከባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት ወንጌልን በእጅ ሙያ ለማስተማር የመጡት እነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፣ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት ተቀምጠው ሳለ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ እንዲሠሩላቸው ጠየቁ። ሰዎቹ ሙያውን ባያውቁትም እየሞከሩ ተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1867 ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ። ወንጌል ይዞ የመጣ እጅ መድፍ አፈሰሰ። ለእነርሱ ጥያቄው የሕሊና ጥያቄ ነበር፤ የሠሩት ነገር ይተኩሳልና።

ሴባስቶፖል እስከ መቅደላ ተጎትቶ ወጣ፤ ንጉሡም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በዚያው ሞቱ። ዛሬ በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው የዚህ መድፍ አምሳያ ነው። በአጠገቡ የሚያልፍ ሰው ማን እንዳሠራው፣ ለምን እንዳሠራውና ፍጻሜው ምን እንደ ነበር ሰምቶ ያደገ ስለሆነ፣ አምሳያው ከብረቱ ይልቅ የአንድን ንጉሥ ምኞትና ውድቀት ያስታውሰዋል። የአደባባዩ አምሳያ በታሪክ ተከቦ ይቆማል፤ በሣጥን የሚሸጠው ኪት ግን ሠሪው ካላበጀለት በቀር እንዲህ ያለ አጀብ የለውም።

በአገር ቤት ተቃራኒው መንገድም አለ። በሰሜን ኢትዮጵያ የቦምብና የመድፍ ቀለህ ተሰቅሎ የቤተ ክርስቲያን ወይም የትምህርት ቤት ደወል ሆኖ ያገለግላል። ነቢዩ ኢሳይያስ ሰይፍ ማረሻ ይሆናል ያለው ተስፋ የሚፈልገው እንዲህ ያለ መለወጥን ነው፦ ቅርጹ ቀርቶ ብረቱ ለሌላ አገልግሎት ይውላል። ሞዴል ደግሞ ብረቱን ትቶ ቅርጹን ያስቀራል። ስለዚህ ሞዴል ሠሪ ሰላም ሠራሁ ማለት አይችልም፤ የሚችለው መመስከር ነው።

የእውነት ጥያቄ

ሦስተኛው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። በኢትዮጵያ ባህላዊ ሥዕል ሥርዓት ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሳላሉ፤ ክፉዎች ግን በአንድ ዓይን፣ በጎን። የዓድዋ ሥዕሎችም ይህን ልማድ ይከተላሉ፦ ኢትዮጵያውያኑ ፊታቸው ሙሉ ነው፣ ጠላት በጎኑ ይታያል፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ከላይ ይወርዳል። በሥዕሉ ውስጥ መድፍና ጠመንጃ በብዛት አለ፤ ሠዓሊው ግን ስለ ጎማቸው ዲያሜትር አይጨነቅም። ማን በዳይ ማን ተበዳይ እንደ ነበር ከአሣሣሉ ይነበባል፤ ፍርዱ ከቅርጹ ጋር አብሮ ተቀብቷል።

ሞዴል የዚህ ተቃራኒ ነው። 35ኛ እጅ ለሁሉም 35ኛ እጅ ነው። የወራሪው ታንክም የተከላካዩም ታንክ በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ ይሠራል፤ የብሎኑ ቁጥር ይቆጠራል፣ የቀለሙ ዓይነት ይመረመራል፣ ፍርድ ግን በሣጥኑ ውስጥ የለም። ይህ ገለልተኝነት ለዕውቀት ይበጃል፤ ጠላትን ሳያጎድፉና ሳያገንኑ ማየት ራሱ ፍትሕ ነው። ሥዕሉ እውነትን ለፍርድ ሲል ሊያጣምም ይችላል፤ ሞዴሉ ግን በልኩ ተደግፎ ፍርድን ጨርሶ ሊረሳ ይችላል።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። በሞዴል ሊሠራ የሚችለው ቅርጽ ያለው ነገር ብቻ ነው። ኤል-3 ሰንሰለት፣ መትረየስና ብሎን ስላለው ይሠራል፤ የተከዜን ሸለቆ የሞላው የሰናፍጭ ጋዝ ግን ቅርጽ የለውም፤ በ1 ለ 35 ሊያንስ አይችልም፤ በሣጥን አይሸጥም። ስለዚህ የዚያን ጦርነት ታሪክ በሞዴል ብቻ የሚማር ሰው የተሸነፈውን መሣሪያ በሚገባ ያውቃል፣ ያሸነፈውን መሣሪያ ግን አያየውም። የጣሊያን መንግሥት መርዙን መጠቀሙን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 እንደ ነበር ሲታሰብ ይህ ክፍተት ቀላል አይደለም። ከደምበጊና ተዋጊዎችም የአብዛኞቹ ስም ከኮብራ ኪንግ በተለየ በየትኛውም ሣጥን ላይ አይጻፍም።

ልክና እውነት ሁለት መሆናቸው የሚታወቀው እዚህ ነው። ልክ ስለ ዕቃው ይመሰክራል፤ እውነት ግን በዕቃው ምን እንደ ተደረገ፣ በማን ላይ እንደ ተደረገና ፍጻሜው ምን እንደ ሆነ ይጨምራል። ሞዴሉ የመጀመሪያውን በሚገባ ሲሰጥ ሁለተኛውን ለሠሪው ይተዋል። ከፕላስቲኩ ሥር የሚቀመጠው ሰሌዳ፣ ከታንኩ ፊት የሚቆመው የተዋጊ ምስል፣ ለልጅ የሚነገረው የቦታና የቀን ታሪክ ጌጥ ተብለው የሚታለፉ አይደሉም፤ የጎደለውን ፍርድ የሚሞሉት እነርሱ ናቸው።

በጠቅላላው ሲታይ የጦር ተሽከርካሪን ሞዴል መሥራት እንደ ምስል ሥራ አይከለከልም፤ ስግደት እስካልገባበት ድረስ። እንደ ደስታም አያሳፍርም፤ ደስታው ከማወቅ እንጂ ግፍን ከመውደድ እስካልመጣ ድረስ። እንደ እውነት ግን ብቻውን አይበቃም። ኤል-3ን በጀርመንታውንም ሆነ በሌላ ስፍራ የሚገጥም ሰው ብሎኑን ቆጥሮ ደምበጊናንና ተከዜን ካልጻፈበት የሠራው ትክክለኛ ነገር ግማሽ ምስክርነት ነው።